የካርቡራተሩ ስድስት ብሎኖች

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ዓይንህስ እንዴት ሆነ? ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጉልሃል? እኔ ደህና ነኝ ልልህ ነበር፤ አይደለሁም። ይሄን ደብዳቤ የሚያነብልህ ወንድም ጋሼ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚህ ሳምንት በስልክ ሦስት ጊዜ ልነግርህ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ተይው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው» ብለህ አፌን አስዘጋኸኝ። ወረቀትን ግን ማቋረጥ አይቻልም። ወንድም ጋሼ፣ አንተም ስማኝ። መሃል ላይ ትናደዳለህ፣ አውቅሃለሁ። ተናደድ፤ ግን አንዲት ቃል ሳትዘል እስከ መጨረሻው አንብብለት።

አባዬ፣ መኪናዋን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፈህ የመኪናዋን ካርቡራተር ስትፈታ፣ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ልብስ እየተኮስኩ አይህ ነበር። እያንዳንዷን ዕቃ ቤንዚን ውስጥ ነክረህ በጥርስ ብሩሽ ታሻለህ፤ ቀዳዳዎቹን በአፍህ እፍ ብለህ ወደ ብርሃን አንስተህ በአንድ ዓይንህ ታያለህ። ካቻቪቴው ከብሎኑ አናት ላይ ሁለት ጊዜ አመለጠህ። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሁለተኛው ዙሪያህን ቃኘት አደረግህና ያየህ ሰው እንደሌለ ሲመስልህ ቀጠልክ። እኔ ግን አይቻለሁ። አዘንኩልህ፤ ይበልጥ ግን ፈራሁ። በማግስቱ ጠዋት ወንድም ጋሼ ልጁን ሚጢጢን ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት በዚያችው መኪና ነው።

መልሰህ ሞተሩ ላይ ገጥመህ፣ ታጥበህ ጋደም ስትል ቀስ ብዬ ወጣሁ። ኮፈኑን ከፍቼ የካርቡራተሩን ክዳን የያዙትን ስድስት ብሎኖች ፈታሁ። አንዴ አየት አድርጌ እዘጋዋለሁ ነው ያልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ መብራት ስይዝልህ ነው ያደግሁት፤ መብራት መያዝ ሙያ መስሎኝ።

ክዳኑ እምቢ ሲለኝ በካቻቪቴ ጫፍ ፈለቀቅኩት። ውስጡን ሳይ በራሴ አፈርኩ። ሁሉም ነገር ንጹህ፣ ሁሉም በየቦታው፤ የሚታረም አንዲት ነገር አልነበረም። ችግሩ፣ ከክዳኑ ሥር ሆና ቤንዚኑ እንዳይወጣ የምትከለክለውን ጓርኒሲዮን፣ አንተ ከወፍራም ወረቀት በመቀስ ቆርጠህ የሠራሃትን፣ ስፈለቅቅ ጠርዟን ቀድጃት ነበር።

ልቀሰቅስህ በሩ ድረስ መጣሁ። እውነቴን ነው፣ እጀታውን ይዤዋለሁ። ግን «አባዬ፣ ሥራህን አላመንኩትም» ብዬ በየት በኩል ልጀምር? ተመለስኩ። አንተ የሚያንጠባጥብ የቤንዚን ታንከር በሳሙና ስትደፍን አይቼ ስለነበር፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሳሙና በጥፍሬ ፍቄ የተቀደደው ላይ ለጠፍኩበት። ብሎኖቹን አጥብቄ፣ ኮፈኑን ዘግቼ፣ ገብቼ የቀረኝን ሸሚዝ ተኮስኩ።

ጠዋት ወንድም ጋሼ ሚጢጢን ይዞ ከቤቱ መጥቶ ቁልፉን ሲያነሳ «ዛሬ በታክሲ ብትሄዱስ?» አልኩት።

«ምነው? አባዬ አልሠራትም እንዴ?»

«አይ፣ ሠርቷታል። ዝም ብዬ ነው።»

ሚጢጢ በኋላ መስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። የሞተሩ ድምፅ መታጠፊያውን አልፎ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

የሆነውን ታውቀዋለህ፤ አንዴ ደግሞ ከእኔ ስማው። ቤንዚኑ በቀደድኳት በኩል ወርዶ የጋለ ብረት ላይ ተያያዘ። ወንድም ጋሼ ልጁን በአንድ እግር ጫማ ጎትቶ አወጣት። ተመልሶ ኮፈኑን ሲከፍት ነበልባሉ ቀኝ እጁን ገረፈው። እዚያው መንገድ ዳር ያለ የመድኃኒት መደብር ዘበኛ አሸዋ ባይደፋበት ኖሮ ምን ይተርፍ እንደነበር እንጃ። ወንድም ጋሼ፣ አሁን ይሄን ወረቀት የያዝክበት እጅ ላይ ያለው ጠባሳ የእኔ ሥራ ነው።

ከሰዓት በፋሻ በተጠቀለለ እጁ የጠቆረውን ካርቡራተር አምጥቶ ጭንህ ላይ ጣለው። «ልጄን ልትፈጅብኝ ነበር እኮ፣ አባዬ። ይሄን እጅህን አታየውም?» አለህ። አውራ ጣትህን በብሎኖቹ አናት ላይ አንድ በአንድ አሳለፍክ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረህ አሳለፍክ። ከዚያ ቀና ብለህ አየኸኝና «ሳሙና አምጪልኝ፣ እጄ ጠቁሯል» አልከኝ።

ያንኑ ሳሙና አመጣሁልህ። በጥፍሬ የፋቅሁት ጉድጓድ እንዳለ ነበር። አገላብጠህ አየኸው። ታጠብክበትና ጉድጓዱን ወደ ታች አድርገህ ሳህኑ ላይ አስቀመጥከው።

«እጄ ነው» አልከው ለወንድም ጋሼ። «እጄ ከድቶኛል። ከእንግዲህ ብሎን አልነካም።»

እኔ አጠገባችሁ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ልናገር፣ አሁን ልናገር ስል አንተ ተነስተህ ገባህ። በሳምንቱ ወንድም ጋሼ የዕቃ ሳጥንህን ቆልፎ አንተን ወደ ቤቱ ወሰደህ። ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ሻይ እንኳ በራስህ እንዳትቀዳ፣ ምላጭ እንዳትነካ፣ ሚጢጢን እንዳታቅፍ ተከልክለህ እንደምትውል እሰማለሁ። እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። ይሄን ስጽፍልህ አፈር ብሆን ደስ ይለኛል።

የዛሬ ሳምንት ወንድም ጋሼ ደውሎ፣ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ገዢ እንደሚመጣ፣ መኪናዋንም ሳጥንህንም ጠቅልሎ እንደሚወስድ፣ አንተም «ይሂድ» እንዳልክ ነገረኝ። ቁልፉን ላከልኝና ዕቃውን ላዘጋጅ ሳጥኑን ከፈትኩት። በአሮጌ ሸሚዝህ የተጠቀለሉ ሦስት ካርቡራተሮች አገኘሁ፤ ድሮ ሠርተህ ያስቀመጥካቸው ናቸው። በሦስቱም ላይ የብሎኖቹ አናት ስንጥቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል፤ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የተቃጠለውን አምጥቼ አጠገባቸው አኖርኩት። የእሱ ስድስቱም በየፊናቸው ዞረዋል። ያን ሁሉ ዓመት መብራት ስይዝልህ ይሄን አንድም ቀን አላየሁም። አውራ ጣትህ ምን ሲፈልግ እንደነበር ያኔ ገባኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አውቀህ ነበር። ሌላ ሰው እንደከፈተው በጣትህ፣ ማን እንደሆነ ደግሞ በሳሙናው አውቀህ፣ ጥፋቱን በእጅህ ላይ ጫንከው። ለምን አባዬ? እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀይሜሃለሁም። ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ።

ለገዢው ደውዬ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። ወንድም ጋሼ፣ የምትለኝን ሁሉ በዚያው ቅዳሜ ፊት ለፊት በለኝ፤ አንገቴን ደፍቼ እሰማሃለሁ። ሚጢጢንም እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ብቻ አባዬን ይዘህልኝ ና።

አባዬ፣ ካርቡራተሩን ፈትቼ አጥቤዋለሁ፤ ጥቀርሻው እንደ ጉድ አስቸገረኝ። ጓርኒሲዮኗን ከወፍራም ወረቀት ቆርጬ ሁለቱን አበላሸሁ፤ ሦስተኛዋ ደህና ሆናለች። ክዳኑን ግን አልገጠምኩትም። ስድስቱ ብሎኖች በሻይ ሳህን ላይ ሆነው ይጠብቁሃል። ካቻቪቴው አሥር ጊዜም ቢያመልጥህ ያምልጥህ፤ እኔ መብራቱን ይዤ እቆማለሁ።

ወንድም ጋሼ፣ እስከዚህ ካነበብክለት፣ ዛሬ ሻዩን እሱ ራሱ ይቅዳ። ቢፈስም ይፍሰስ፤ እጁን እንዳትይዝበት።

ልጅህ፣
ብሎኖቹን ያዞረችው