ለባዶ የተተወች መስመር

ደብረ ማርቆስ
መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለእስከዳር፤

እንደምን ከረምሽ? መቅደላዊትስ እንዴት ናት? እህትሽ ቤት ዓመቱን በሰላም ተቀብላችሁ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እኔ አለሁ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ሌላው እንደምታውቂው ነው። ኢንተርኔቱ ዛሬም የለም፤ ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለሹፌሩ ለየኋላሸት እሰጠዋለሁ፤ ነገ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በነሐሴ ያንቺን መልእክት ያመጣልኝም እሱ ነው። «ለዕንቁጣጣሽ ከመጣህ መጣህ፤ ካልመጣህ ሁለተኛ ና አልልህም፤ ቁርጡን ንገረኝ ብላለች» ብሎ እንደ ዳዊት በቃሉ ወጣልኝ። አንዲት ቃል አልጣለም፤ ቢጥልልኝ በወደድኩ።

ኬላ ላይ ስለሚፈተሽ ከአንድ ወረቀት በላይ ጽሑፍ አልይዝም ስላለኝ ወረቀቷን እንደ አባቴ አድርጌ አሰናዳኋት። አባቴ ብራና ላይ ከመጻፉ በፊት ግራና ቀኙን በወስፌ ወግቶ መስመሩን ይቆጥር ነበር፤ ቦታው ምን ያህል እንደሚይዝ ሳያውቅ ብዕሩን ቀለም አያስነካም። ወስፌው ዛሬም መሳቢያው ውስጥ አለ። በፊቷ አርባ፣ በጀርባዋ አርባ መስመር ወግቻለሁ።

ለዕንቁጣጣሽ ያልመጣሁት መንገዱ ደጀን ላይ ተዘግቶብኝ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን በማለዳ ተነሥቼ፣ ለመቅደላዊት የገዛሁላትን ጫማ ይዤ፣ ደጀን ድረስ ሄጄ ነበር። ከዚያ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲገባሽ ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፤ ሰለቸኝ አትበይ። ሰው «ባልሽ ምን ይሠራል?» ሲልሽ «ለደመወዙ ያስተምራል፤ በቀረው ጊዜ ለማያውቃቸው ፈረንጆች ቁጥር በፊደል ይጽፋል» ትዪ ነበር። እውነትሽን ነው። የኮምፒውተሩ እምብርት፣ ከርነል የምንለው፣ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ሰው እንዲያነበው ቁጥሩን፣ አድራሻውን፣ ቀኑን ወደ ፊደል የሚለውጡ፣ ፋንክሽን የምንላቸው ጥቂት የትእዛዝ ክፍሎች አሉ፤ ስምንት ዓመት የጠበቅኋቸው እነሱን ነው። ከየአገሩ ማሻሻያ ይላክልኛል፤ አነባለሁ፣ እፈትሻለሁ፣ የተሳሳተውን እመልሳለሁ፣ የበጀውን አሳልፋለሁ። ክፍያ የለውም። የጠባቂዎች ስም የሚሰፍርበት አንድ ፋይል አለ፤ እዚያ ውስጥ እንዳላማው የምትል ስም ነበረች፤ ያለችኝ ሹመት እሷ ናት። ማሽን ወድቆ ሊሞት ሲል የመጨረሻ ቃሉን የሚጽፉለትም እነዚሁ ፋንክሽኖች ናቸው። «እኔም እንደ ነፍስ አባት ኑዛዜ ተቀባይ ነኝ» ብዬሽ ስንት ቀን ሳቅሽብኝ።

ክረምቱን ሙሉ የደከምኩት በአንድ ስህተት ነው። ለጽሑፉ የተሰጠው ቦታ ሲያልቅ አንደኛው ፋንክሽን የጻፈውን ያህል አይነግርሽም፤ ቦታ ቢበቃው ኖሮ ሊጽፍ የነበረውን ያህል ነው የሚነግርሽ። ያ ሁሉ የተጻፈ መስሎት የሚቀጥል ሰው ድንበር አልፎ የሌላውን ያበላሻል። ይህን ከየጥጉ ስለቅም ነበር፤ ሰኔ ላይ አንቺ ሻንጣ ስታስሪ እንኳ ቀና አላልኩም። ይቅር በዪኝ። ሌላው ሕግ ደግሞ የመጨረሻዋ ቦታ ሁልጊዜ ለባዶ የምትተው መሆኗ ነው፤ ፊደል አይጻፍባትም። «እዚህ አበቃ» ማለት ናት።

ኢንተርኔቱ ከጠፋ ወዲህ ፈረንጆቹ ደጋግመው ጽፈው መልስ አጡ። ሂዊን ታስታውሻታለሽ፣ አስተምሬያት አሁን አዲስ አበባ የምትሠራው። ነሐሴ መግቢያ ላይ ስልኩ ሲሠራ ደወለች። «መምህር፣ እስከ ሴፕቴምበር አንድ ካልመለሱላቸው ስምዎን ከፋይሉ ያወጡታል። እኛም መሥሪያ ቤት ቦታ ይዤልዎታለሁ፤ አለቆቼ ግን የሚፈልጉት የዚያ ሥራ ጠባቂ የሆነውን ሰው ነው» አለችኝና ተቋረጠ። ገባሽ? እዚያ ስሜ ካለ አዲስ አበባ ላይ ሥራ አለኝ፤ ሥራ ካለኝ እናንተ ጋ እመጣለሁ። ካላንደሩን አንሥቼ መስከረም 1ን በቀይ ከበብኳት። ሴፕቴምበር መስከረም ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲያ ብለው ነው ያስተማሩን። ያንቺም ቀን ዕንቁጣጣሽ ሆነ። እግዜር ሁለቱን በአንድ ቀን ገጠመልኝ ብዬ ሻማ አበራሁ።

ደጀን ላይ ከመነኸሪያው አለፍ ብላ አንዲት ሻይ ቤት አለች፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ነው አሉኝና መልሴን ልልክ ገባሁ። እውነትም ያዘ። የሁለት ወር ኢሜይል ተንጋግቶ ስልኬ ላይ ገባ፤ የላይኛው ላይ ያለው ቀን ሴፕቴምበር 10 ይላል። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ለካ የእነሱ ሴፕቴምበር 1 የእኛ ነሐሴ 26 ነበር። አንድ ቀን ቀድሜ ደረስኩ ስል ዘጠኝ ቀን ዘግይቻለሁ። ማሽን ቀን ሲጽፍ እንዳይሳሳት ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው የራሱን ቀን መቁጠር አቃተው። ስሜን አውጥተውታል፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል። ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው። እኔ ክረምቱን የደከምኩበትን እሱ በአንድ ሳምንት ጨርሶታል፤ ከእኔም አሳምሮ። ሁለት መስመር ምስጋና ጽፈውልኛል። ለሂዊ ብነግራት «አዝናለሁ መምህር፣ ከአሁን በኋላ አለቆቼ እሺ አይሉኝም» ብላ መለሰችልኝ።

እስከዳር፣ መንገዱ አልተዘጋም ነበር። ከላይ የዋሸሁትን ልፋቀው ብል ይህ ብራና አይደለም፤ አባቴ የተሳሳተውን በቢላዋ ፍቆ ያድነው ነበር፣ ወረቀት ግን ይቀደዳል። ስለዚህ ውሸቱም እውነቱም አንድ ላይ ይድረስሽ። እዚያ ድረስ ይዞኝ የመጣው የኋላሸት መኪናውን ሻይ ቤቱ በር ላይ አቁሞ «ግባ እንጂ» አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። «ታዲያ እሷ አንተን ነው እንጂ ፈረንጅ መዝገብ ላይ ያለ ስምህን መቼ ጠየቀች?» አለኝ። ዓባይን ወርደን ብንወጣ ሳይመሽ እናንተ ጋ ነበርኩ። እግሬ እምቢ አለ። «ይህ ሥራ አንድ ቀን ያወጣናል» እያልኩ ስንት ዓመት አስታገስኩሽ፤ እሱ ከቀረ ምን ሆኜ ደጃችሁ ላይ ልቁም? አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንዳይነግርሽ በአባቴ አጥንት አማጽኜው ነበር፤ አሁን ፈትቼዋለሁ፣ ጠይቂው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከልማድ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያንኑ ኮድ አነባለሁ፤ ማንም አይጠብቀኝም፣ እኔም የምልከው የለኝም። ጎረቤታችን ሥራነሽ «ኧረ ሂድ፣ ምን ያዘህ?» ትለኛለች። የያዘኝ ነገር ቢኖር ይሻል ነበር፤ እሱ ሲለቀኝ እሄድ ነበር። እንደዚህ የሆነ ሰው ለልጅ አይጠቅምም፣ ላንቺም ሸክም ነው። እወድሻለሁ፤ ይህን ሰኔ ላይ መናገር ነበረብኝ።

የመቅደላዊትን ጫማ አብሬ ልኬዋለሁ። የለካሁት በሰኔው እግሯ ነው፤ ጠቧት ከሆነ ለአክስቷ ልጅ ስጪው። አባቷን ስትጠይቅሽ ያሻሽን በያት፤ እኔ አላስተባብልም። እሷን ያሳድግልሽ፤ ካንቺም ጉልበት አያጉድልብሽ፤ የእመቤታችን ዓይን ከእናንተ አይለይ።

ቁርጡን ንገረኝ ብለሽ ነበር። ከስሜ በታች ያለችውን የመጨረሻዋን መስመር ለመልሱ ብዬ ነበር ያስቀረኋት። ከጠዋት ጀምሬ ብዕር ይዤ ሳያት ዋልኩ። ባዶዋን ልኬልሻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነች ከላይ ነግሬሻለሁ።

እንዳላማው