በእናቴ ምርቃት ላይ የተያዘ ማር

ደባርቅ፣ ኅዳር 2 ቀን

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ሲጀምር እንደሚያምሽ አልረሳሁም፤ የላክሁልሽን የሱፍ ካልሲ ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽበት ከሆነ ግን እቀየምሻለሁ። ላሚቱስ ወለደች? ገብሱስ ታጨደ? እኔ ልጅሽ፣ ለሚካኤል ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆትሽ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። ደባርቅ እንደምታውቂው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ጣት ያደርቃል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃል።

ይህን ደብዳቤ ለሚኒባሱ ሾፌር አደራ ብዬ የምልከው በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ላሚቱ አውርቼ ስለዘጋሁ ነው። ሰው ፊት አታንብቢው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማርሽው ፊደል ዛሬ ይውጣልኝ፤ በሩን ዝጊና መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢልኝ።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ትይኝ የለ? እንግዲህ ልናገር። እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው ያልሁሽ ውሸት ነው። ወረቀትስ አትማለሁ፤ ግን የማትመው የኳስ ውርርድ ትኬት ነው። ሰዉ ቤቲንግ ቤት ይለዋል። ልጅሽ እዚያ መስኮት ኋላ ተቀምጣ ትኬት ትቆርጣለች።

አሁን ከመቀመጫሽ ተነሥተሽ «ወይኔ ልጄን!» ስትይ ታየኝ። ተቀመጪ በሞቴ! እስከ መጨረሻው ካላነበብሽ የምታውቂው ኃጢአቴን ብቻ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ቦራ በሬ በካርታ የተበላ ዕለት ማጭድ ይዘሽ ደጃፉ ላይ ቆመሽ፣ «ከእንግዲህ የቁማር እንጀራ በዚህ በር አይገባም» ብለሽ የማልሽውን ረስቼው አይደለም። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ማጭዱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የዋሸሁሽም እሱን ስለማስታውስ ነው። አባቴ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው፣ መሐላሽ ግን እንደ ቆመ አለ።

ታዲያ ምን ሆነሽ ዛሬ ተናገርሽ በይኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ ገበያው ደምቆ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጋቢያቸው ነጭ፣ ዱላቸው ከቁመታቸው የረዘመ። ዱላውን ፍርድ ቤት እንደሚገባ ሰው በሩ ላይ አስደግፈው «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ጎረምሶቹ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሏልና ማንም አልመለሰላቸውም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እዚህ ቤት ያለው ከብት ነው እንዴ?» ቢሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከወንበሩ ብድግ! ሳቄን በወረቀት ሸፈንሁት።

ወደ እኔ መስኮት መጥተው ከዳባት እንደመጡ፣ ንብ አናቢ እንደሆኑ፣ ሀብተ ሚካኤል እንደሚባሉ ነገሩኝ። የሰፈራቸው ጎረምሳ ሁሉ ኦድ፣ ትኬት፣ ኦቨር ሲል ይውላል አሉ። «ያላወቅሁትን ነገር አልረግምም» ብለው፣ አውቀው ሊረግሙ መምጣታቸው ነው። ቀጥለውም «እወራረዳለሁ፤ ባላጋራዬን ጥሪልኝ» አሉኝ።

ባላጋራ የለም አባባ፣ አልኋቸው። ታዲያ ከማን ጋር ነው የምወራረደው? አሉ። ከቤቱ ጋር፣ አልሁ። ቀና ብለው ጣራውን፣ ቆርቆሮውን፣ ማዕዘኑን ሁሉ አዩት። «እኔ ዋሴን ይዤ መጥቻለሁ፤ የቤቱ ዋስ ማነው? ዳኛውስ የታል?» አሉኝ። እማዬ፣ ዋሳቸው ለካ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመዋል! አቶ ዝናቡ ይባላሉ፤ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። ለአንዲት ትኬት ዋስ ሊሆኑ ከዳባት ድረስ ተሳፍረው መጥተዋል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ ሰው ያለ ዋስ እንዴት ይወራረዳል ብለው ለእኔው አዘኑልኝ።

ለሁለቱም ወንበር ሰጠሁና በትኬት ጀርባ ላይ እየጻፍሁ አስተማርኋቸው። ላንቺም ልንገርሽ፤ ብትረግሚም አውቀሽ እርገሚ።

የደባርቅና የዳባት ልጆች እዚህ ደባርቅ ሜዳ ላይ ተጋጠሙ እንበል። ባለሜዳው ያሸንፋል ካልሽ «አንድ» ትይዣለሽ። እንግዳው ካልሽ «ሁለት»። እኩል ይወጣሉ ካልሽ «ኤክስ»። አባባ ሀብተ ሚካኤል ተቆጡ፤ ዳባት ሁለተኛ የተባለው በማን ፍርድ ነው አሉ። ዳባት ሜዳ ሲጫወቱ ዳባት አንድ ይሆናል ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነው የበረዱልኝ። ከየጎኑ ደግሞ ቁጥር አለ፤ ኦድ ማለት እሱ ነው፣ ያስያዝሽው ስንት እጥፍ ሆኖ እንደሚመለስልሽ ይነግርሻል። ያሸንፋል ተብሎ ለሚታመነው ትንሽ ነው፣ ለተናቀው ብዙ። ይኸኛው ወዲያው ገባቸው።

ከሦስቱ ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝም ይቻላል፤ ልጆቹ ደብል ቻንስ ይሉታል። ዳባት ቢያሸንፍም እኩል ቢወጣም ትበያለሽ፤ በሩ ሰፊ ስለሆነ ግን ኦዱ ያንሳል። አባባ ጉልበታቸውን መትተው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል! ይህን ያወጣው ያገራችን ሰው ነው» አሉ። አቶ ዝናቡም ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

የጎል ብዛት ደግሞ አለ። ማንም ያሸንፍ ማን፣ በጠቅላላው ከሁለት ተኩል ጎል በላይ ይገባል ወይስ በታች? ኦቨርና አንደር የሚሉት ነው። «ግማሽ ጎል እንዴት ያለ ነው? ኳሷ መስመሩ ላይ ቆማ ትቀራለች?» ብለው ጠየቁኝ። ግማሽ ጎል እንደሌለ፣ ግማሿ የገባችው ክርክር እንዳይኖር እንደሆነ፣ ሦስት ከገባ በላይ፣ ሁለት ከገባ በታች መሆኑን እስካስረዳቸው ድረስ ያ ሁሉ ጎረምሳ ጨዋታውን ትቶ ከቦን ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ያገባሉ ወይ ብሎ መያዝም አለ። ለደካማው አንድ ጎል በስጦታ ሰጥቶ መጀመርም አለ፣ ሃንዲካፕ ይባላል። ይህንንስ ወደዱት፤ ሽማግሌና ጎረምሳ ሲሽቀዳደሙ ሽማግሌውን አስቀድሞ እንደማስነሣት ነው አሉ።

የጎረምሶቻችን ዋና በሽታ ግን አሥርና አሥራ አምስት ጨዋታ በአንድ ትኬት መደርደር ነው። ኦዱ እርስ በርሱ እየተባዛ ሰማይ ይደርሳል፤ አንዷ ጨዋታ ከከዳች ግን ሁሉም ገደል ነው። አባባ በጉልምስናቸው በቅሎ ጭነው ሊማሊሞን ይወርዱ ነበርና፣ በቅሎዎቹን አንዷን ካንዷ ጅራት አስሮ ሊማሊሞን የሚያወርድ ሞኝ ነው፣ አንዷ ስትስት ሁሉም ይከተላሉ አሉ። አንዱ ጎረምሳ አሥራ ሁለት የደረደረበትን ትኬት ቀስ አድርጎ ኪሱ ሲከት አየሁት።

በመጨረሻ «የተረታው ያስያዘውን ማን ይበላዋል?» አሉኝ። ቤቱ፣ አልሁ። ኦዱን የሚተምነውስ? እሱም ቤቱ ነው። ይህን ጊዜ ስለ አያቶቻቸው ዘመን ሙግት አጫወቱኝ። ያኔ ተሟጋች «ያልሁት ሐሰት ቢሆን ማር እሰጣለሁ» ብሎ ይወራረድ ነበር አሉ፤ ሲረታ ግን ማሩን የሚበላው ባላጋራው ሳይሆን ዳኛው ነበር። «ዳኛ ሙግት የማይጠላው ለዚህ ነው። እዚህ ቤትማ ዳኛውም ባላጋራውም አንድ ነው። አንቺ ልጄ፣ ይህን ሁሉ አብጠርጥረሽ እያወቅሽ ለራስሽ ቆርጠሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ኧረ በፍጹም! አልሁ። «ታዲያ ለነሱ ለምን ትቆርጪላቸዋለሽ?»

እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አባባ ሳይቆርጡ፣ ሳይረግሙም ተነሥተው ሄዱ። እኔም ሰኞ የመልቀቂያ ማመልከቻዬን አስገባሁ።

አሁን ደስታዬን ስሚልኝ! ወደ ስሜን ተራሮች፣ ወደ ጨነቅ ለሚወጡ እንግዶች በቅሎና ምግብ አብሳይ የሚያዘጋጅ ቢሮ ጸሐፊ ይፈልግ ነበር፤ ሄድሁ፣ ተፈተንሁ፣ ተቀበሉኝ! የምጀምረው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ማን በየትኛዋ በቅሎ እንደሚሄድ የምጽፍ እኔ ነኝ። በቅሎ ነጂዎቹ ከወዲሁ «እቴ» እያሉ ይለማመጡኛል፤ የምትራገጠውን በቅሎ እንዳልሰጣቸው ነው። ደስ ብሎኛል እማዬ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ግን ያለ ምርቃትሽ እግሬ አይነሣም። ያንን ሥራ ያለ ምርቃትሽ ጀመርሁት፤ እንጀራው ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ሲቆም ኖረ። ይኸኛው እንደዚያ እንዲሆንብኝ አልፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ አባባ ከነዋሳቸው ተመልሰው መጡ። ሥራውን መተዌን ስነግራቸው ግንባሬን ሳሙኝ። አንቺን ግን እንደምፈራ፣ እውነቱን ብነግርሽ እንደማትመርቂኝ፣ የማጭዱንም ነገር ሳይቀር አወራኋቸው። እናትሽ የት አገር ናት አሉኝ። ትውልዷ ዳባት ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ በጋብቻ ነው የሄደችው አልሁ። ስምሽን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ወደ አቶ ዝናቡ ዞረው «ሰማህ?» አሏቸው። አቶ ዝናቡም «ሰማሁ» አሉ። ምን እንደ ሰሙ ለእኔ የነገረኝ የለም።

ቀጥለው፣ «በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተወራረድሁት» አሉኝ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳሉ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄዱ ሲሉ፣ አንዲት ልጅ እስክመለስ ትጠብቀኛለች ብለው ከእኒሁ ከአቶ ዝናቡ ጋር በአንድ ገንቦ ማር ተወራረዱ። ሲመለሱ ወላጆቿ ድረዋታል። «እሷ ምን ታድርግ» አሉ፤ «ማሩን ዝናቡ በላው።» አቶ ዝናቡ ደግሞ አያፍሩም፣ «ጥሩ ማር ነበር» አሉ።

«አሁን ሁለተኛዬን እወራረዳለሁ» አሉኝ አባባ። «እናትሽ ትመርቅሻለች እላለሁ። አንቺ አትመርቀኝም ብለሻል። ከአደይ ማሬ አንድ ገንቦ፤ ዋሴ ዝናቡ።» እኔም እንደ ልማዴ ቁጥር ሰጠሁት፤ አንድ ብትመርቀኝ፣ ኤክስ ዝም ብትለኝ፣ ሁለት ባትመርቀኝ፣ አልሁ። ብትመርቂኝ እኔ ተረትቻለሁ፤ ካሣዬ አንቺን ይዤ ለኅዳር ሚካኤል ዳባት እሳቸው ቤት መጥቼ፣ ጾሙ ሳይገባ በልተን ጠጥተን እንድንመለስ ነው። ባትመርቂኝ የተረቱት እሳቸው ናቸው፤ ማሩን ተሸክመው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ፣ ደጃፍሽ ላይ ያደርሳሉ። ኤክስ ከሆነስ? አልሁ። «ያን ጊዜማ» አሉ፣ «ላማልድሽ መምጣቴ ይቀራል?»

አየሽ እማዬ! እኔ ነኝ ያስተማርኋቸው፤ ሁለት ባላ አልበቃቸው ብሎ ሦስት ተክለዋል። አንድም፣ ኤክስም፣ ሁለትም ይዘዋል። እንዲህ ያለውን ትኬት የሚቆርጥ ቤት በዓለም የለም። ማመልከቻ ያስገባሁ ሰው ነኝና እኔ ቆረጥሁላቸው።

ሲወጡ ከበሩ ተመለሱና ማር ትወዳለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አትወድም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠብታ ስትቀምስ አይቼ አላውቅም፤ የዳባት ማር ሲሏትማ ፊቷን ታዞራለች፣ አልሁ። ዱላቸውን አነሡ። «ትወድ ነበር» አሉና ሄዱ።

እኔ ምን አውቃለሁ? አልጠየቅኋቸውም፤ አንቺንም አልጠይቅሽም።

እንግዲህ እማዬ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያው ውርርዴ ይኸው ነው፤ «ሁለት» ይዣለሁ። ትኬት ቆርጦ ልረታ ብሎ ስለት የሚሳል ሰው ከልጅሽ በቀር አይተሽ አታውቂም። ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ፣ እግርሽን ስሜያለሁ። ሾፌሩ ሐሙስ ይመለሳል። ብዙ መጻፍ ቢከብድሽ ቁጥሩን ብቻ ጽፈሽ ስጪው። ከሦስቱ ለመጻፍ የምትቀለው አንድ ናት፤ አንዲት ጭረት ብቻ።

ያን ሣጥን ስትከፍቺ ደግሞ ካልሲውን ብቻ አታውጪ፤ ከሥሩ አጣጥፈሽ ያኖርሽው ጥልፍ ቀሚስም አለ፣ ፀሐይ ይንካው።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ላሚቱን በሰላም ያገላግልልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ለመረታት የምትጸልይ
ልጅሽ