አማርኛ የለመደችው መንደር

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ዛሬም ተኝቼ ዋልኩ። በግራ ጎን፣ ከዚያ በቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ በግራ... ሐኪሟ እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል ብላኛለች። ደም ካየሽ ወዲያው ነይ፤ እስከዚያ ግን ደረጃ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ ሥራ የለም። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለውም። እስክወልድ ድረስ የናይሮቢ ሰፈራችንን፣ ኢስትሊን፣ በመስኮት ነው የማያት ማለት ነው።

የምሠራበት ማተሚያ ቤት ደወልኩ። የሠርግ ጥሪ ካርዶቼን ሌላ ሰው ይዟቸዋል። አማርኛውን አሳምሮ ይደረድረዋል አሉኝ። ጥሩ ነው... ጥሩ ነው? ትንሽ ቀናሁ።

ዮፍታሄ ቱሪስቶቹን ይዞ ወደ ማሳይ ማራ ሄዷል። የሥራ ወቅቱ ስለሆነ ሂድ ያልኩት እኔው ነኝ። ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ቆመና እናቱ ከነገ ወዲያ ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ነገረኝ። እኔን ለማስታመም። ባሌ እንዲህ ያለውን ነገር ጫማውን ካሰረ በኋላ ነው የሚናገረው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

እትዬ ጌጤ መጡ። ከኤርፖርት ያመጣቸው ሚናስ ነው፣ የዮፍታሄ የአክስት ልጅ፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ታች መንገድ ላይ ስልክ የሚጠግን።

ሠርጋችን ላይ አልመጡም ነበር። ልጄ በጴንጤ ቸርች ሲያገባ ቆሜ አላይም ብለው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እደውላለሁ፣ እንኳን አደረስዎ እላለሁ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ይላሉ፣ ያልቃል። ዛሬ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ሆዴን አዩት፣ በልተሻል ወይ አሉ፣ ወደ ኩሽና ገቡ።

ከሰዓት ሳሎን ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ ሰማኋቸው። እኔ መዝሙሬን በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩ። ሁለታችንም አንዱን ጌታ እየጠራን፣ መሃላችን ግድግዳ...

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ሚናስ የእጅ ጌሙን አዋሰኝ። «ሲስ፣ ፖሌ ሳና፣ ይሄን ትራይ አድርጊው» ብሎ ሆዴ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፤ ፖሌ ሳና በስዋሂሊ አይዞሽ ነው። መጽሐፍ የምታክል ነገር ናት፤ መሃሏ ስክሪን፣ ግራና ቀኟ ቁልፍ።

ጌሙ «ሰባቱ ድልድዮች» ይባላል። ጎርፍ ድልድዮቻቸውን የወሰደባቸው መንደሮች አሉ። አንድ ወጣት ከመንደር መንደር እየሄደ ይጠግናል። መንገድ ላይ ከአውሬ ጋር ይታገላል፤ የመንደሩ ሰዎች ችግራቸውን ይነግሩታል፣ እሱ ይፈጽምላቸዋል፣ በፈጸመ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል። ሰዎቹ የሚሉት ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይታያል።

ጎኔ እስኪደነዝዝ ተጫወትኩ። አንድ ጅብ ሦስት ጊዜ ገደለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ስለ ደም ሳላስብ ያመሸሁት?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

እትዬ ጌጤ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እኔ እጫወታለሁ። በመነጽራቸው አሻግረው እንደሚያዩ አላወቅኩም።

«ይሄ ልጅ ሽማግሌውን አልፎት ሄደ» አሉ። «ሰላም አይልም?»

ለማናገር ቁልፍ መጫን እንዳለብኝ አስረዳኋቸው። መልሼ ወሰድኩት፣ ተጫንኩ። ሽማግሌው ተናገረ። ምን አለ አሉኝ። ድልድዩ ተሰብሯል፣ እንጨት አምጣልኝ ይላል አልኳቸው።

«እንዴት ዋልክ ሳይለው?»

ሳይለው።

አሰብ አደረጉና «ባለጌ አገር ነው» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ። ከዚያ ግን... ለምን አይለውም?

ለሚናስ ደወልኩ። ይቀየራል አለኝ። የጌም ውስጡን ከፍቶ እንደፈለጉ መቀየር ሞድ ይባላል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። የዚህኛው ንግግሮች ለብቻቸው ፋይል ላይ ናቸው፤ ላፕቶፕ ላይ ታስተካክያለሽ፣ በሚሞሪ ካርድ ትመልሻለሽ፣ በቃ። «ኢዚ» አለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ኢዚ አይደለም። ሽማግሌው አፉን ሲከፍት ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን። ጌሙ የእኛን ፊደል አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ፊደል ግን የእኔ ሥራ ነው! ማተሚያ ቤት ስንት ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ?

የሠርግ ካርዱን ፊደል ብጭንበት በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ እግሩ ከእግሩ ተጣበቀ። ተውኩትና ከባዶ ጀመርኩ። ላፕቶፑን ትራስ ላይ አስደግፌ፣ በጎኔ ተኝቼ፣ እያንዳንዱን ፊደል ነጥብ በነጥብ ሣልኩት። ከሀ እስከ ፐ፣ ከነዘሮቻቸው። ክንዴ ዛለ። ልጄ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ላፕቶፑን መታችው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሽማግሌው ተናገረ። «እንዴት ዋልክ ልጄ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለ። በአማርኛ! እትዬ ጌጤ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጮክ ብለው፣ ልክ ዳዊት እንደሚያነቡት አነበቡት። ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው መለሱለት። ለጌሙ።

በረቱ በር ላይ «ላም» ብዬ የጻፍኩት ግን «ሳም» ተብሎ ተነበበ። የለን እግር አሳስቼ ሥዬዋለሁ። እትዬ ጌጤ ማንን ነው የሚስመው ብለው ጠየቁኝ። ላሚቱን እያሳየሁ ላስረዳ ስሞክር ሳቅ አፈነኝ። እሳቸውም ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሲስቁ ዮፍታሄን ይመስላሉ። እስከ ዛሬ እንዴት ሳላይ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ሥራችን ይህ ሆኗል። ሥራችን... አዎ፣ የሁለታችን።

ጠዋት እኔ እተረጉማለሁ። ከሰዓት እሳቸው እያነበቡ ያርማሉ። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በአማርኛ ግን ማን አንተ ይባላል፣ ማን እርስዎ? ጀግናው ለቀጥቃጩ አንተ ስላለው ተቆጡ። ሰውየው ሽበት አለው፣ አይታይሽም? እኔ ደግሞ ሽበት ሳይሆን የእሳቱ አመድ ነው ብዬ ተከራከርኩ። አጉልተን አየን። ሽበት ነው። እርስዎ ተባለ።

ነጋዴውን ጠሉት። ዕቃ ሲሸጥ የሚለውን እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩት፦ «ለሌላ ሰው አይደለም እንዲህ የምሸጠው፣ ለአንተ ስለሆነ ነው።» አዲስ አበባ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሁልጊዜ እንዲህ ይላቸው ነበር አሉ። እሑድ ሚናስ መጥቶ ሲያይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ «ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለ።

ጾም ይዘዋል፣ የሰኔን። ለእኔ ግን በየሁለት ቀኑ ዶሮ ይሠራሉ። መቅመስ ስለማይችሉ ጨዉን በግምት ነው። ዛሬ ጨርሶ የለውም ነበር። አጥንቱ እስኪቀር በላሁት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ከእንቅልፌ ስነቃ ጌሟ አጠገቤ የለችም። እትዬ ጌጤ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ከጅቡ ጋር እየተዋጉ ነው። «ወግድ» ይሉታል በሹክሹክታ፣ እንዳልነቃ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ከሆስፒታል ነው የምጽፈው። ሁርሊንግሃም ሰፈር።

ትናንት ጠዋት ደም አየሁ። ብዙ። እትዬ ጌጤን ጠራኋቸው። ዮፍታሄ ማራ፣ ስልኩ ኔትወርክ የለው። ሚናስ አላነሳም፣ ለካ ቸርች ነበር። እትዬ ጌጤ አንድ ቃል ስዋሂሊ አይችሉም፣ ብቻቸውን ከዚህ ቤት ወጥተው አያውቁም። ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ ሲወርዱ ሰማሁ። ደረጃው ላይ «ሆስፒታል! ሆስፒታል!» የሚል ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ...

ዘበኛውንና ከታች ያለውን የሻይ ቤት ሰውዬ ይዘው ተመለሱ። እኔን ወንበር ላይ አስቀምጠው ከነወንበሩ ተሸክመው አወረዱኝ። መኪና ውስጥ እጄን ይዘው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አላወጡም። ለምን ድምፅ እንዳላወጡ ገባኝ። በእሳቸው ጸሎት እኔን ላለማስከፋት። በዚያ ሰዓት እንኳ።

ደሙ ቆሟል። የልጄን ልብ አሰሙኝ። ትክ ትክ ትክ፣ እንደምትሮጥ ፈረስ። እስክወልድ ከዚህ አልወጣም። ዮፍታሄ ማታ ከነአቧራው ደረሰ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሬን ይዞ ቆየ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ፈርቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ብጽፈው ይቀለኝ ይሆን? ፈርቻለሁ።

ሚናስ ጌሟን አመጣልኝ። ትንሽ ነገር አስተካክለናል አለኝ። «አስተካክለናል»? ማንና ማን? ወደ ወፍጮ ቤቱ ሂጂ ብቻ አለ።

ወፍጮ ቤት ያለችው ባልቴት አንድ ነገር ብቻ ነው የምትናገረው፣ «ዱቄት ትገዛለህ?» እኔው ነኝ የተረጎምኩት። ሄድኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ልጄ፣ ደክሞሻል፣ አረፍ በይ። እኔ እዚሁ ነኝ። ማርያም ትቅረብሽ።»

ጀግናው ወንድ ነው። መንደሩ ሁሉ አንተ ይለዋል። ይቺ ግን አንቺ አለች።

ደግሜ ተጫንኩ። ደግሜ። ነርሷ መጥታ ያመኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እያለቀስኩ ነበር ለካ።

ሚናስ በኋላ ነገረኝ። እትዬ ጌጤ ብቻቸውን፣ መንገዱን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ በማታቱ ሚኒባሱና በጋሪው መሃል አቋርጠው ሱቁ ድረስ መጡ። አንድ መስመር ብቻ ቀይርልኝ አሉት። እየነገሩት ጻፈ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ሲስ ጴንጤ ናት፣ ይሄ ይቅር ይሆን አላቸው። እሳቸውም «እኔ ሌላ አላውቅም፣ ያለኝ ይሄ ነው» አሉት።

በእኛ ቸርች እንዲህ አይባልም። እኔም ብዬው አላውቅም። ስክሪኑን እያየሁ ግን አሜን አልኩ። እትዬ ጌጤ በሩ ጋ የሾርባ ዕቃ ይዘው ቆመው ኖሯል። ሰምተዋል። ሾርባውን ቀዱልኝ፣ ስለ ብርዱ አወራን፣ ሐምሌ ናይሮቢ እንዲህ ይቀዘቅዛል ብሎ ማን ያምናል...

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ጾሙ ተፈታ። እትዬ ጌጤ ለእኔ ካመጡት ዶሮ ቀመሱና ማንኪያውን አስቀመጡ። «ይሄን ነው ስትበይ የከረምሽው?»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ነገ በቀዶ ጥገና ያወጧታል። ዛሬ ሰባተኛውን ድልድይ አብረን ጠገንን። ዮፍታሄ ቁልፎቹን፣ እኔ መንገዱን፣ እናቱ ንባቡን። የመጨረሻው መንደር ሰዎች በሙሉ ወጥተው «እንኳን ደህና መጣህ» አሉት። እዚያ ጋ አንድም የሚታረም አልተገኘም።

ፍርሃቱ አለ። ትንሽ ሆኗል ግን።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ቤት ነኝ። ከስንት ቀን በኋላ ነው ይህን የከፈትኩት? ጊዜ የለም። ደስታ ጊዜ ይበላል ለካ።

እንደተባለው ሴት ናት። ጥቁር ፀጉር፣ ቁጡ ፊት፣ የዮፍታሄ ጆሮ። ስሟ ማዕዶት። አያቷ ነች ያወጣችላት፤ መሻገር ማለት ነው ብላ። እኔም ዮፍታሄም ሌላ ስም ይዘን ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አላነሳውም።

የክርስትናው ነገር ገና ነው። አያቷ በሰማንያ ቀኗ ትላለች፣ እኔ ስታድግ ራሷ ትመርጣለች እላለሁ፣ ዮፍታሄ ውሃ ሊጠጣ ይነሳል። ትናንት ተከራክረን ተከራክረን፣ ሁለታችንም ደክሞን፣ ሕፃኗን መሃላችን አድርገን እንቅልፍ ወሰደን። የመመለሻ ትኬቷን ለመስከረም አዛውራለች። ማንም አልጠየቃትም።

ሚናስ ሞዱን ሱቁ ለመጣ ሁሉ እየጫነ ነው። ላቪንግተን ሰፈር ያለች አንዲት እናት፣ አማርኛ ማንበብ እምቢ ያለ ልጇ ለጌሙ ሲል ፊደል መቁጠር ጀመረ ብላ ደውላልናለች። ሌላ ደግሞ ነጋዴውን በጣም ወደድነው ብሏል። የወፍጮ ቤቷን ባልቴት ለሌላው ሰው በሚሄደው ላይ ወደ ዱቄቷ መለስኳት። የእኔዋ ላይ ግን እንዳለች ናት።

ዛሬ ጠዋት ዳይፐር እየቀየርኩ ማዕዶት እግሯን አወራጭታ ሁሉን ነገር አበላሸችው። አንድ እጄ እሷን ይዟል፣ ሌላው እጄ... በቃ እጅ አለቀብኝ።

«እማዬ፣ ፎጣውን አቀብዪኝ» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ሳሎን ውስጥ ዳዊቱ ሲታጠፍ ተሰማኝ።

«ወዬ» አለች። «መጣሁ።»