ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ስሜ

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? የሆስፒታሉን አንሶላ ለመቀየር ጎንበስ ቀና ማለቱ ወገቤን ቆረጠኝ ብለሽኝ ነበር፤ ተሻለሽ ወይስ እንዳላስብ ትደብቂኛለሽ? ባለቤትሽን ያ ደረቅ ሳል ተወው? ልጆችሽስ? እኔ እንዳለሁ አለሁ። የስፌት መኪናዬም አለች፤ አርጅተን ሁለታችንም ጉልበታችን ይንቋቋል።

እማማ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። ሁለቱን ክፍል ዘግቼ የምውለውም የማድረውም ሱቁ ውስጥ ነው። እሁድ እሁድ ሥራ ስለሌለ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ውሃ አጣጭ ፈልግ እያለ ይነዘንዘኛል፤ የሰው ወገብ ስለካ ዕድሜዬ አለቀ እለዋለሁ። ደንበኛው ሁሉ የሚጠራኝ ሰፊው ብሎ ነው። እማማ ከሄደች በኋላ በስሜ የጠራኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

ዳር ዳር ማለቴን ሳትታዘቢኝ አልቀረሽም። መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ድሮ የእህል ሚዛኑ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ፣ ለዚያን ጊዜዎቹ ልጆች የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። ለዚያ ጦርነት እኮ ስም እንኳ አልወጣለትም፤ “የዚያን ጊዜው” እንለዋለን እንጂ። አራት ወር ቆየ፣ አለቀ። ሬዲዮው ወሬውን የሚያነበው ከእህል ዋጋ በኋላ ነበር፣ ታስታውሺያለሽ? ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ያላነሳውን ነገር የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛው በየቢሮው ደጅ ጠንቶ እዚህ አደረሰው። የእሱም ወንድም ከዚህ ሄደው ከቀሩት ሠላሳ ሰባት ልጆች አንዱ ነው።

ድንጋይ ጠራቢው ሥራውን ሲጨርስ፣ ሸራ ከመልበሱ በፊት ናና እየው አለኝ። የታናሻችንን የፌንጣን ስም ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ የለም። ሃያ ዘጠነኛው መስመር ላይ የእኔ ስም ከነአባቴ ከነአያቴ ተቀርጿል። ጠራቢው ሰውየው ምን ያድርግ? እንግዳ ነው፣ ስሜንም አያውቅም፤ የጦሩ መዝገብ ላይ ያገኘውን ነው የቀረጸው። የዘመቻው ጥሪ የመጣው በትኩሳት ለተኛሁት ለእኔ፣ የሄደው እሱ። በእኔ መታወቂያ ሄደ፣ በእኔ ስም ቀረ።

ለፀጉር አስተካካዩ ብነግረው “ለሟች ምላጭ አላነሳም” ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሱቅ ስመለስ ግን የአንዱን ደንበኛ ኮት የቀኝ እጅጌ በግራ ሰፍቼ አገኘሁት። ስፈታው አመሸሁ።

የምረቃው ዕለት ስም ይጠራል፣ የተጠራው ሰው ቤተሰብ ይወጣና አበባ ያስቀምጣል። አንዳንዱ አሥር ሆኖ ነው የሚወጣው። ስሜ ሲጠራ ማንም አልተነሳም፤ ማን ይነሳ? ደግመው ጠሩት። ያኔ ተነሳሁ። ስም የምታነበው ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ “ምኑ ነዎት?” አለችኝ። ወንድሙ ነኝ አልኋት። አበባውን በገዛ ስሜ ሥር አስቀመጥሁ። በር እያለ በአጥር ዘሎ የሚገባው ልጅ እዚህም በሰው ስም ገባ ብዬ በልቤ ልቀልድ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ተመለስሁ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። ጸሐፊዋ ደግ ሰው ናት፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ሲሄድ በዓይናቸው ያዩ ወይም በጆሯቸው የሰሙ ሁለት ምስክሮች ቃላቸውን በጽሑፍ ከሰጡ የእኔ ስም ተፍቆ የእሱ ይቀረጻል፤ ካልሆነ መዝገቡ እንዳለ ይጸናል አለችኝ። ጠራቢው እዚህ የሚቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። አባባ የለ፣ እማማ የለች። ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

እታለም፣ ይህን ነገር አንስተሽው ስለማታውቂ እኔም አላነሳሁብሽም። ከዚህ ስትሄጂ በአውቶቡሱ መስኮት አንድ ነገር ልትነግሪኝ አፍሽን ከፍተሽ መልሰሽ ዘጋሽው። ሆድ ይፍጀው ብለሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁሉ ትጽፊልኛለሽ፣ ስለ እሱ ግን አንድ ቃል የለም። እኔ የማላውቅ መስሎሽ፣ ጥፋቱን ብቻሽን ተሸክመሽ መኖርሽ ይገባኛል።

ያን ጠዋት ትኩሳቱ ለቆኝ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቼ ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ሳጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ፌንጣ “እሱ እንዲህ ሆኖ ከሄደ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እኔ ሯጭ ነኝ፣ እመለሳለሁ” ሲልሽ ሰማሁ። እያለቀስሽ መታወቂያዬን ስትሰጪው፣ ጫማዬንም ውሰድ ስትይው ሰማሁ። ጫማው ሰፍቶት ጋዜጣ ሲጠቀጥቅበት ጭምር ሰምቻለሁ። ዞር ብዬ ተው ብለው ይቀር ነበር። አላልሁም። ሞትን ፈራሁ፣ እታለም።

ስለዚህ ሁለተኛው ምስክር እኔ ነኝ። ይህንኑ ጽፌ፣ ፈርሜ ለጸሐፊዋ ሰጥቻታለሁ፤ የቀረው ያንቺ ነው። ያየሽውን ብቻ ጻፊልኝና ቶሎ ላኪው። ሰው ምን ይለኛል አትበይ። በሚቀጥለው ዓመት መታሰቢያ ሲጠራ በስሙ ይጠራ፣ እኔም በስሙ ልነሳለት።

ባለቤትሽን አክብሬ ሰላም ብያለሁ፤ ሳሉን ችላ እንዳይለው። ትልቋን ልጅሽን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ልኳን ላኪልኝና ቀሚስ እሰፋላታለሁ። ታናሹን እቅፍ አድርጊልኝ፤ በአጥር የሚዘል ከሆነም አትቆጪው። ለአንቺ ለራስሽ ጤናና ቀና ቀን ይስጥልኝ።

ነቅቶ የነበረው ወንድምሽ

ከሱቁ፣ ከመስኮቱ ሥር
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን