ነጭ ሱሪ ለራሴ

ጥቅምት 4

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ሌላ የለም። ልጄ ከሥራ ስትወጣ ብቅ አለች። ያው ወሬዋ። ሱቁን ዝጋና እኔ ጋ ግባ። ክረምት ላይ ደረጃው አዳልጦኝ ከወደቅሁ ወዲህ ሌላ ቋንቋ የላትም። ትረሳለህ፣ ጻፍ ብላ ይህን ደብተር የሰጠችኝም እሷ ናት። እንግዲህ እየጻፍኩ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ጽሑፍ ምን ሊመስል... ግን የማንንም ደንበኛ ወገብ አልረሳሁም።

እሷ እያለች አንዲት ቀጭን ሴት ገባች። የካራቴ አሰልጣኝ ነኝ አለች። ሳቄን ዋጥኩት። ክንዷ መርፌ ነው። ለተማሪዎቿ ነጭ ልብስ ትፈልጋለች፣ ሱሪና ከላይ የሚደረብ። ልጄ እምቢ እንድል አፈጠጠችብኝ። እሺ አልኩ።

"ይሄ ከተበላሸብህ ግን አባዬ፣ ቁልፉን ትሰጠኛለህ።"

እሺ አልኩ። ለዚያም።

ጥቅምት 9

ለናሙና የተተወልኝ አሮጌ ልብስ ጆንያ ነው። ሰው ይግባበት እህል አይታወቅም። በዚያ ላይ እግር መሐሉ ላይ እራፊ ተጥፎበታል። እኔ በሥርዓቱ ቆረጥኩ። ዳሌ ላይ ያዝ፣ ጉልበት ላይ ጠበብ፣ ወደ ታች ቀጥ። ሙሽራ ይለብሰዋል። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው፣ ምስጋና ከአፉ የማይወጣው ሰውዬ፣ ይሄስ ልብስ ነው አለ።

ጥቅምት 16

ሱሪዎቹ ተመለሱ። አሰልጣኟ የተተረተሩትን በፌስታል ይዛ መጣች። አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የገደለኝ። ተማሪዎቼ እንግዳ ፊት እግራቸውን ሲያነሡ ስፌቱ ከመሐል ሄደ አለች። ጫማ ሰፊው በሳቅ መዶሻውን ጣለ። እኔም ልብስ ይለበሳል እንጂ ይዘለልበታል ወይ አልኩ።

"ሱሪውማ ያምራል አባባ። ቆሞ ለሚውል ሰው ነው።"

ቆሞ ለሚውል... እኔን ማለቷ ይሆን?

ልጄ አልሰማችም። ገና።

ጥቅምት 17

አልሰፋም። ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ጥቅምት 18

ልሰፋ ነው።

ግን እንዴት? ጫማ ሰፊው ስልኩ ላይ የካራቴ ፊልም አለው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ እሱን ያያል። አብረን አየን። ታሪኩ አልገባኝም። ወንዝ ዳር ብቻውን የሚኖር ሽበታም ሽማግሌ አለ። መረብ ይጠግናል፣ አሰፋፉ ልክ አይደለም እንጂ። ጎረምሶች መጡበት። መርፌውን እንኳ ሳይጥል ዘርሯቸው ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ የማየው ሱሪውን ነበር። እግሩ ጆሮው ድረስ ሲወጣ ጨርቁ አይጨነቅም። ጫማ ሰፊው ደግሞ ተናደደ። ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ እንዲህ ያለ ሰፈር ቢሆን በረሃብ አልቄ ነበር አለ። መልሰህ አሳየኝ አልኩት። ለሱሪው ነው... ታዲያ ሽማግሌው ሲቀመጥ ያለውን ለምን አስደጋገምኩት?

ጥቅምት 21

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው አዳራሻቸው ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ። ጎረምሳ ብቻ መስሎኝ ነበር። ነርስ አለች። ታክሲ ነጂ አለ። ለእኔ ዕድሜ ትንሽ የቀራት ባለመነጽር ሴትም አለች፤ ስትጮኽ መስኮቱ ይርገበገባል። ያልተተረተረውን የእኔን ሱሪ የለበሱት እግሩን የታሰረ በግ ይመስላሉ። አሮጌውን የለበሱት እንደልባቸው። ልብ ብዬ ሳይ ሁሉም አሮጌ ሱሪ እዚያው ቦታ እራፊ አለው። ሁሉም አንድ ቦታ ተቀደደ? አልተቀደደም! እራፊ አይደለም፣ ሆን ተብሎ የገባ ጨርቅ ነው። እግር እንዲከፈት። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ ኖሬ...

አሰልጣኟን፣ አንቺን ምን ለከፈሽ አልኳት። ልጅ ሆና የቪዲዮ ቤት መግቢያ ገንዘብ አልነበራትም። የበሩ መጋረጃ አጭር ነው፤ ደጅ በደረቷ ተኝታ በሥሩ ታያለች። ቴሌቪዥኑ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ስለሆነ የሚታያት እግር ብቻ ነው።

"የአክተሩን ፊት እስከ ዛሬ አላውቀውም አባባ። እግሩን ግን ከሺህ እለየዋለሁ። መጋረጃውን ያሳጠረው ልብስ ሰፊ ይመስገን።"

ከዚያ እርስዎስ፣ መሞከር አምሮዎት አያውቅም አለችኝ። የመጣሁት ለሱሪው ነው አልኩ። ቶሎ አልኩት መሰለኝ።

ጥቅምት 24

ቁራጯን ጨርቅ አስገባሁ። መሞከር ነበረበት። ማን ላይ? በሩን ገርበብ አድርጌ ራሴ ለበስኩት። እግሬን አነሣሁ። ስፌቱ ዝም። ከፍ አደረግሁ። ዝም። ከዚያ ያ ሽማግሌ ትዝ አለኝ ልበል... እንጃ። ከጣቃው መሐል በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ፣ ልጄ ከበላዬ ቆማ ትጮኻለች።

አዞረህ? አለች። ስፌቱን ዳሰስኩ። ቁልፉን ይዛ ሄደች።

ሱሪው አልተተረተረም።

ጥቅምት 25

ቤት ዋልኩ። አዞረኝ ካልኩ ሱቁ ተዘጋ። እግሬን ስወረውር ነው ካልኩ አበደ እባላለሁ። የቱ ይሻላል? ባለቤቴ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። ስቃ ስትጨርስ ደግሞ፣ በየትኛው እግርህ ነው ትለኝ ነበር።

ጥቅምት 27

ነገርኳት። የተመለሱትንም፣ ፊልሙንም፣ ሁሉንም። አላመነችም። አሳየኝ አለች። ሶፋውን ገፋ አድርጌ ቆምኩ። አነሣሁ። እግሬ ጠረጴዛው ድረስ ወጣ። አልወደቅሁም። አፏን በእጇ ያዘች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። የእናቷ ሳቅ ነው።

"ማነው እዚህ ውስጥ የከተተህ?"

"እንጃ ልጄ።"

ለራስህስ ልብሱ አለህ አለችኝ። የለኝም። ልብስ ሰፊ የገዛ ጀርባውን መለካት አይችልም። እናቷ ነበረች የምትለካኝ። ከሞተች ወዲህ ለራሴ ሸሚዝ እንኳ አልሰፋሁም። ልጄ ሜትሩን አነሣች፣ ገልብጣ። አስተካከልኩላት። ከትከሻ ትከሻ ለካችና ቁጥሩን አነበበች። ከድሮው ያንሳል። መልሰሽ ለኪ አልኳት። መልሳ ለካች። ያው ነው።

ቁልፉን ግን አልሰጠችኝም። ሥራ ስሄድ እከፍትልሃለሁ፣ ስመለስ እዘጋለሁ አለች። እንደ ሕፃን...

ኅዳር 5

የሁሉንም ሱሪ አስተካክዬ አስረከብኩ። የእኔንም ለብሼ አዳራሹ ሄድኩ፤ ልጄም አብራኝ። ጫማ ሰፊው ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ብሎ ሸኘኝ። ነጠላ ጫማዬን ግን ሳልጠይቀው ጠግኖታል። በር ላይ የምታወልቀው ስለሆነ ባያምርም ግድ የለም አለ።

አሰልጣኟ አዲስ የገባ ሁሉ ምን እንዳመጣው ይናገር አለች። አንዱ ፊልም አለ። አንዷ ታላቅ ወንድሜ አለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ጠፋኝ። ሽማግሌው ነው? ፊልሙን ያሳየኝ ጫማ ሰፊው? መጋረጃ ያሳጠረው ሰውዬ? ወይስ ያቺ ቆሞ ለሚውል ሰው ያለችው ነገር? ሱሪ ልሞክር ነው አልኩ። ሳቁ። ቀልዴን አልነበረም... ወይስ ነበር?

ልጄ ወንበሩ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። እኔ እግሬን ላነሣ ስዘጋጅ አሰልጣኟ መጀመሪያ የምንማረው መውደቅ ነው አለች።

"መውደቅማ ሳልማርም እችላለሁ።"

"አይችሉም አባባ። አወዳደቅዎን ልጅዎ ነግራናለች።"

አገጭ ደረት ላይ፣ ጀርባ ክብ፣ ክንድ ምንጣፉን መምታት። ወደቅሁ። ልጄ ብድግ አለች። ተቀመጪ ብዬ በእጄ አሳየኋት። በራሴ ተነሣሁ። ደግሜ ወደቅሁ፤ ግማሽ ተነሣች። እንደገና ስወድቅ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

ስንወጣ ቁልፉን አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው። ኪሴ ከተትኩት። መንገድ ላይ ክንዴን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ ተወችው።

ጀርባዬን ያመኛል። ነገ በጊዜ እከፍታለሁ።