ቅንፉ እስኪስተካከል ሊፍቱ ይቁም ላሉት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የኮድ አጻጻፍ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ቢሮዎ የሕንፃችን ምድር ቤት ስለሆነ ጉልበትዎ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ያቆይልዎ።

እኔ በዚህ ከተማ በደብዳቤ አጻጻፍ አቻ የሌለኝ ሰው ነኝ። እርግጥ ከተማውን ዞሬ አልጠየቅሁም፤ በማታው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ግን ከኋላ ወንበር ተነስቼ ፊት የተቀመጥኩ እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነው። ሙያዬ ተሸካሚነት ነው። ፍሪጅ፣ ቁም ሣጥን፣ ከነመስተዋቱ ቡፌ በዚህ ጀርባ ወጥቷል።

ድርጅትዎ ውስጥ የምትሠራው ፕሮግራመር ልጄ ናት። የሕንፃችንን ሊፍት የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ድርጅትዎ ነው። ሊፍቱ በፎቅና በፎቅ መሃል እየቆመ ሰው መዋጥ ስለጀመረ የሕንፃው ኃላፊ ቆልፈውታል። ልጄ ስህተቱን አግኝታ፣ አርማ፣ በመሞከሪያው ሊፍት ላይ አሠርታ ለኮሚቴዎ አቀረበች። እኛ የምንኖረው ስድስተኛ ፎቅ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ኩላሊቷን ለመታጠብ ሆስፒታል የምትመላለስ ሰው ናት። እንግዲህ ውለታዎን ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ልጄ የከፈተችው ቅንፍ በመስመሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለተገኘ፣ ቅንፍ ለብቻው በራሱ መስመር ይቀመጣል ብለው ሥራዋን ስለመለሱላት ከልብ እናመሰግናለን። ቅንፉ አሁን ሰፊ ቦታ አግኝቶ ተንፈላስሷል። ባለቤቴ በዚያ ዕለት የተቀመጠችው ደረጃ ላይ ነው፣ ግድግዳ ተደግፋ።

ሁለተኛ፤ ቅንፉ ሲስተካከል፣ መስመሩ ገባ ብሎ የሚጀምርበት ባዶ ቦታ በታብ ቁልፍ እንጂ በስፔስ ቁልፍ አይሞላም ብለው ዳግመኛ መለሱት። ልጄ ልዩነቱን በስክሪኑ አሳየችኝ፤ መነጽሬን ጠርጌ ባይ ይኼኛውም ባዶ፣ ያኛውም ባዶ። ይህን ማየት የቻለ ዓይን፣ ሽማግሌ ሚስቱን አዝሎ በመስኮትዎ ፊት ሲያልፍ ማየት አለመቻሉ ግን ይደንቃል። እሷስ አንድ ቀን ከጀርባዬ ላይ ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላቀፍከኝም፤ ሊፍቱን ላቆሙልን እግዜር ይስጣቸው» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ሦስተኛ፤ ፕሮግራሙ ቁጥር የሚይዝበት፣ «ተለዋዋጭ» የሚሉት ነገር ስሙ አጭር ነው፣ ይርዘም አሉ፤ ሲረዝም ደግሞ መስመሩ ከልኩ አለፈ፣ ይጠር አሉ። ይህን እኛ ተሸካሚዎች እናውቀዋለን። ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ያልወሰነ አሠሪ «ወደዚህ፣ ኧረ ወደዚያ» ይላል፤ ጀርባው የእሱ አይደለማ!

በዚህ ሁሉ መሃል ኮሚቴው እርማቱን አንዴም አስነስቶ አልሞከረውም። ጭራሽ የተበላሸው አሮጌ ኮድ ቅንፉም ታቡም በቦታው ስለሆነ «ለአዲስ ሠራተኞች አርአያ» ተብሎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል አሉ። ሰው የሚውጥ አርአያ! ልጄ ግን ሥርዓት የለሽ ተብላ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ ስላሳደጉልኝ እግዜር ያክብርልኝ።

ሥርዓት ይቅር አልልም። የማታ አስተማሪያችን ፊደሌ ከመስመር ሲወጣ ትቆጣለች። ግን አንድ ቀን ባለቤቴ ስለታመመች ነገ አልመጣም ብዬ ጠማማ በጠማማ ጽፌ ብሰጣት፣ አስቀድማ «እንዴት ናት?» አለችኝ፤ ቀይ እስክሪብቶዋን ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው።

የምለምንዎትም ይህንኑ ነው። ሐሙስ ስትሰበሰቡ እርማቱን ሞክሩት፤ ከሠራ ይጫን፤ ቅንፉን ከዚያ በኋላ እንደ ልብዎ ያንሱት፣ ያስቀምጡት። ዓርብ ጠዋት ባለቤቴ ሆስፒታል ትጠበቃለች። ባለፈው ዓርብ «ደረጃውን ሳስበው ይደክመኛል» ብላ ቀርታለች። ሐኪሟ ሁለተኛ እንዳትቀር ብለውኛል፤ ሲሉኝ ፊታቸውን አይቼዋለሁ።

የኮሚቴዎ ውበት በጀርባው ላይ ያረፈበት፣
ከአክብሮት ጋር ጎንበስ ያለው (ቀና ማለት ስላቃተው)፣
የስድስተኛ ፎቁ ተሸካሚ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ አንድ ነገር ከራሴ ፈጥሬያለሁ። ባለቤቴ ጀርባዬ ላይ ሆና አልቀለደችም፣ አልሳቀችምም። ያን ያስገባሁት እርስዎ የሚያምር ነገር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው። እሷ በየፎቁ የምትለኝ «አውርደኝና ትንሽ ረፍ» ነበር። ከአራተኛው ፎቅ በኋላ ይህንንም ተወችው።