«ዙሄር» የተባለችው ጀልባ

ለምወድህ ልጄ ለረኡፍ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትክ ልጄ? ያ ጄኖቫ ላይ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ሰዓዳስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ አወጣች ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ አሁን ስንት ደረሱላት? የመርከብ ብየዳው ዓይንህን አላስቸገረህም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልህ እንበላለን፣ እንተኛለን ማለቴ ነው። እኔን ግን ንዴት ሊገድለኝ ነው፤ ይህን ሳልነግርህ ሌላ ወሬ አላወራህም።

የወንድምህ የዙሄር ስም የተጻፈባትን አዲሷን ጀልባ ፎቶ አስነስተህ ላክልኝ ብለኸኝ ነበር። ፎቶ የለም። ስሙም የለም። ጀልባዋም አዲስ አይደለችም። ተቀመጥና አንብብ።

ዙሄርና ሦስቱ የጠረፍ ጠባቂ ባልደረቦቹ ባሕር ላይ ከቀሩ ባለፈው እሑድ ዓመት ሞላቸው። የወደቡ ጥበቃ ኃላፊ ሞንጂ፣ ያ ከጀልባዎቹ ይልቅ ጢሙን ሲንከባከብ የሚውለው ሰውዬ፣ ከወር በፊት ቤታችን መጥቶ «ከዋና ከተማ አዲስ ጀልባ መጥታልናለች፤ ለሟቾቹ መታሰቢያ በአዛዣቸው በዙሄር ስም እንጠራታለን፤ ወደ ውኃ ስትገባ የምርቃቱን በግ የምታርደው አንተ ነህ ሐጅ» አለኝ። እናትህ እጁን ይዛ አለቀሰች። እኔም ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነጭ ልብሴን አስተኮስኩ።

የምርቃቱ ዕለት ሰው ሳይሰበሰብ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ጀልባዋ ገና የብስ ላይ፣ መንሸራተቻው ላይ ቆማለች፤ ነጭ ቀለሟ ያብረቀርቃል። አርባ ዓመት ጀልባ የጠገነ ሰው እጁ አያርፍለትም፤ ከአፍንጫዋ ጀምሬ ወደ ኋላ እየዳበስኳት ሄድኩ። ኋላዋ ጋ ስደርስ አውራ ጣቴ ቀጥ አለ። በቀለሙ ሥር ሚስማሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው ተመትተዋል። እንደዚያ የምመታው እኔ ብቻ ነኝ። ዙሄር «አባባ፣ የዶሮ እግር ሣልክ ደግሞ!» እያለ ይስቅብኝ የነበረው ትዝ ይልሃል?

ያቺው ናት፣ ረኡፍ! ልጄን የበላችው ያቺው ናት። ማዕበሉ ከጣላት ዓለት ላይ ስትነሳ ሰባብረን አነደድናት ብለውን ነበር። ለካስ ደብቀው ቀለም ቀብተዋት፣ የገዛ ሟቿን ስም ጽፈውባታል። አራት አዳዲስ ወጣቶች ደግሞ ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ሊሳፈሩባት ተሰልፈዋል።

ከዚያ ሞንጂ መድረክ ላይ ወጥቶ «ባሕር ጀግኖቻችንን ወሰደችብን» አለ። ባሕር! ባሕር ምን አደረገች? ዓሣ አጥማጁ ሸድሊ በዓይኑ ያየውን ነግሮናል። በዚያ ማዕበል ሞተሩ ጠፍቶበት ከአራት ሰዎቹ ጋር ሲንገላታ ዙሄር ደረሰለት፣ ገመድ ወረወረለት፣ እየጎተተው መመለስ ጀመረ። መንገድ ላይ የዙሄር ጀልባ ኋላ በክብደቱ ተከፈተ። መስመጧን ሲያይ ሸድሊን ይዛው እንዳትወርድ ገመዱን በገዛ እጁ ቆረጠው። አምስቱ ዓሣ አጥማጆች ማዕበሉ ወደ ዳር ገፍቷቸው ተርፈው ዛሬም ቤታቸው ኩስኩስ ይበላሉ። የሞተሩ ሰው ዓምር፣ እርስ በርስ የአጎት ልጆች የሆኑት በሺርና ለሚን፣ የእኔም ልጅ የሉም። የገደላቸው የበሰበሰ ጣውላ ነው፤ ጣውላው መበስበሱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቆሞ ስለ ጀግንነት ይሰብካል!

ቢላውን ሲሰጡኝ በጉን ትቼ ወደ ጀልባዋ ሄድኩ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ሰው የምወጋ መሰላቸው። የወንድምህን ስም ከአፍንጫዋ ላይ ፊደል በፊደል ፋቅኩት። ሞንጂ «ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው፣ እናንተ ያዙት፣ አእምሮው ተነክቷል» እያለ ይለፈልፋል። እኔም ወደ ኋላዋ ዞሬ ቢላውን ሚስማሮቹ ያሉበት ጥገና ላይ ስሰነዝረው እስከ እጀታው ገባ። ወላሂ፣ ዳቦ እንኳን ከዚያ ይሻላል።

የአዲሶቹ አዛዥ ነጂብ የሚባል፣ ከሌላ ወደብ በቅርቡ የተዛወረ ልጅ ነው። ቀረብ ብሎ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ልብሳችሁን አውልቁ፣ በዚች ማንም አይወጣም» አላቸው። ሞንጂን «አንተ፣ እኛንም ልትሰብክብን ነበር?» ብሎ ጮኸበት። ሕዝቡ ሞንጂን በጫማ ሊደበድበው ምንም አልቀረውም ነበር፤ በወደቡ የኋላ በር ሾልኮ አመለጠ። እኔን ተሸክመውኝ ነው ቤቴ ያስገቡኝ። እናትህ ለጎረቤት ሁሉ «ባሌ አንበሳ ነው» እያለች ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስልህ ደስ ባለኝ። ነጂብ ጣቱን ከቀዳዳው አውጥቶ ሌላም ነገር ብሎ ነበር። «ይህን ጥገና የሠራው ማነው? እጁ ይቆረጥ!» አለ። ሰው ሁሉ «ይቆረጥ!» አለ። እኔ እጄን ነጭ ልብሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

አደጋው ከመድረሱ ከጥቂት ወራት በፊት ጣውላው በሙሉ መለወጥ አለበት ስለው፣ ሞንጂ «ለብርዱ ወራት ብቻ ጠግንልኝ፣ ብርዱ ሲያልፍ እንለውጠዋለን» አለኝ። እኔም ቃጫና ሬንጅ ሞልቼ፣ አጭር ጣውላ ደርቤ መታሁበት። «ለራሷ ትንሳፈፋለች፣ ሌላ ጀልባ ግን እንዳትጎትት» ብዬ ለእሱ ነገርኩት። ለእሱ ብቻ። ዙሄር ያን ሰሞን በዚያች ጀልባ አዛዥነት እንዲሾም የሞንጂን ፊርማ እየጠበቀ ነበር። ነገሩ ከወጣ ሹመቱ ይቀርበታል ብዬ ፈራሁ። በየማታው አጠገቤ ተቀምጦ ይበላ የነበረውን ልጅ አንድም ቀን «አደራ፣ በዚች ጀልባ ገመድ እንዳትወረውር» አላልኩትም። ነግሬው ቢሆን ኖሮ ሸድሊንና ሰዎቹን ወደ ራሱ ጀልባ ያሻግራቸው ነበር እንጂ አይጎትታቸውም ነበር። ወንድምህን ያውቀዋል የምትለው ሰው ሁሉ ይህን ይነግርሃል።

ሞንጂ የእኔን ነገር ያውቃል፤ ቢናገር ግን አብሮኝ ስለሚሰምጥ አይናገርም። ስለዚህ ዝም ብል አንበሳ እንደሆንኩ እሞታለሁ። አልችልም። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ካስገባሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ዓምር እናት ቤት እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወደ በሺርና ወደ ለሚን ቤት፤ መጨረሻ ላይ ወደ ገዛ ቤቴ። አስቀድሜ ለአንተ የጻፍኩት መንገድ ላይ ወደ ኋላ እንዳልል ነው።

ሰዓዳን ሰላም በልልኝ፤ የልጅቷን ጉንጭ ሳምልኝ። እህትህ ዋሲላ በጣም ናፍቃሃለች፣ የላክህላት ጫማ ልኳ ሆኗል። ሸድሊም ሰላም ብሎሃል። እናትህ ግንባርህን ስማለች፤ ይህን ስትልህ ግን ገና አልነገርኳትም። ከዚህ በኋላ የሚደርስህ ደብዳቤ ዋሲላ እየጻፈችላት ከእናትህ ብቻ የመጣ ከሆነ፣ አደራህን፣ ይቅር አላለችኝም ማለት ነውና ስለ እኔ አትጠይቃት።

አባትህ ታይየብ
ራስ ሰልማ፣ ቱኒዚያ
ኖቬምበር 20 ቀን 1986